ወይዘሮ የሻረግ እና አሞራ ስድስት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ በኮምፒውተር የሚሠራውን ምናባዊ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር የሚያሠለጥነው ወጣት ሚልክያስ ሳሪስ ካለው ክፍሉ፣ ሠልጣኟ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ወይዘሮ የሻረግ ጉለሌ ካለው ቤታቸው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው በኢንተርኔት ይነጋገራሉ።

ሚልክያስ፦ የሥልጠና መጽሐፉን አላነበቡትም።

የሻረግ፦ አንብቤዋለሁ አልኩህ።

ሚልክያስ፦ ወይዘሮ የሻረግ፣ አላነበቡትም። ያነበበ ሰው እንዲህ አይመልስም። ሁለት አውሮፕላን እኩል ላርፍ ብሎ ቢመጣብዎ ምን ያደርጋሉ ስልዎ «ትልቁ ይቅደም» አሉኝ።

የሻረግ፦ ታዲያ ትንሹ ይቅደም? እኛ ቤት ትልቅ ነው የሚቀድመው።

ሚልክያስ፦ እጅ ማስታጠብ አደረጉት እኮ! ማኮብኮቢያ ነው! በዕድሜ አይደለም የሚታረፈው። ቀድሞ የቀረበው ይገባል፣ ሌላው ይጠብቃል።

የሻረግ፦ ሌላውንም አሰልፈዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ ያሰለፍኩ ሴት ነኝ። በረንዳ ላይ ብቅ ስል ግቢው ሙሉ ቀጥ ይል ነበር።

ሚልክያስ፦ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ቀጥ ካለ ይወድቃል።

የሻረግ፦ የሌለ ነገር ምኑ ይወድቃል?

ሚልክያስ፦ መጣን! መጣን ወደዛው!

የሻረግ፦ ውሸት ነው? አውሮፕላኑ የለ፣ ታወሩ የለ፣ ተሳፋሪው የለ። ያለኸው አንተ ብቻ ነህ፤ አንተም ትጮኻለህ።

ሚልክያስ፦ አብራሪዎቹ አሉ። በየቤታቸው ኮምፒውተራቸው ፊት የተቀመጡ፣ ደም ያላቸው፣ ነፍስ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚያበሩት። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ውለው ቅዳሜያቸውን ለዚህ የሚያውሉ። እኛ ታወር ሆነን በድምፅ እንመራቸዋለን፤ እንደ እውነተኛው፣ በእውነተኛው ሕግ። ይሄ ያልገባው ሰው ምን ፍለጋ እንደሚመዘገብ አይገባኝም።

የሻረግ፦ ደሞዝ አላችሁ?

ሚልክያስ፦ የለንም። በፈቃደኝነት ነው።

የሻረግ፦ አይ ልፋት! ደም ሥርህ እስኪገተር የምትቆጣው በነፃ ነው?

ሚልክያስ፦ በነፃ ነው። ስለዚህ ጊዜዬን በነፃ አያቃጥሉብኝ። ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ እኮ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሲሸመድዱ የሚውሉ። ደንቡን ደግሞ መጀመሪያ ቀን ነግሬዎታለሁ። ሦስት ጊዜ ሳይዘጋጅ የመጣ ሠልጣኝ ይሰረዛል። ዛሬ ሦስተኛዎ ነው።

የሻረግ፦ ትሰርዘኛለህ? እኔን?

ሚልክያስ፦ እርስዎን። እርስዎ ራስዎ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ምን ያደርጉት ነበር?

የሻረግ፦ ወላጅ ይዘህ ና እላለሁ እንጂ አልሰርዝም።

ሚልክያስ፦ ታዲያ ወላጅ ይዘው ይምጡ ልበልዎ?

የሻረግ፦ ኧረ ስድ! አባቴን ከመቃብር ልቀስቅስልህ? ማን ነው ያሳደገህ አንተን?

ሚልክያስ፦ እሺ፣ እሺ። እሱ አፌን አዳልጦኝ ነው፤ ይቅርታ። ከ«ሀ» እንጀምር። ያዳምጡኝ። አውሮፕላን ሲያርፍ ነፋሱን ፊት ለፊት ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ታወር ላይ እንደተቀመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ነፋሱን ነው። ገባዎት?

የሻረግ፦ …

ሚልክያስ፦ ወይዘሮ የሻረግ? ገባዎት ወይ?

የሻረግ፦ …

ሚልክያስ፦ ሄሎ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ? ሄሎ!

የሻረግ፦ ምን ያስጮህሃል? መለስኩልህ እኮ!

ሚልክያስ፦ ምንም አልሰማሁም።

የሻረግ፦ ሁለቴ ነው የመለስኩልህ። ትንፋሼን ሳብ አድርጌ።

ሚልክያስ፦ ትንፋሽዎን?

የሻረግ፦ አዎ ለማለት ነዋ! ሰው አዎ ሲል ሳብ ያደርጋል። እናንተ ቤት ምን ታደርጋላችሁ?

ሚልክያስ፦ ወይ አምላኬ! እኛም ቤት እንስባለን! ሬዲዮ ላይ ግን አይሳብም! ማይኩ እሱን እንደ ድምፅ አይቆጥረውም፣ ያጠፋዋል። ያስቡት እስቲ፤ አብራሪው ላርፍ ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል፣ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው ትንፋሽ ይስባሉ፣ እሱ እዛ ላይ ነዳጁ ያልቃል!

የሻረግ፦ ጆሮ የለውም?

ሚልክያስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ባለፈው ቅዳሜ ልምምዱ ላይ ደጋግሜ ስጠራዎት ዝም ያሉኝ…

የሻረግ፦ ስስብልህ ነበር።

ሚልክያስ፦ እኔ እኮ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብዬ ትቼዎት ወጣሁ!

የሻረግ፦ እኔም ምን ዓይነት ባለጌ ነው፣ ደህና ዋይ ሳይል የሚሄድ ብዬ ስምህን ሳነሳ ዋልኩ።

ሚልክያስ፦ ካሁን በኋላ በቃል ነው። በአፍ። አዎ ካሉ አዎ። እስቲ አንድ ጊዜ እንሞክር። እኔ አብራሪ ነኝ፤ ስሜ ሞገድ ሁለት ነው። ጠራሁዎት። ይመልሱልኝ።

የሻረግ፦ ሞገድ ሁለት፣ እንደምን ዋልክ? ደህና ነህ ወይ? ጤናህ እንዴት ነው? ቤተሰብ ሁሉ ሰላም…

ሚልክያስ፦ ይቁም! ኧረ ይቁም!

የሻረግ፦ ገና እኮ ነው።

ሚልክያስ፦ እርስዎ ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ከኋላው የመጡት ሁሉ አፋቸው ተዘግቶ ይጠብቃሉ። መስመሩ አንድ ነው፤ አንድ ሰው ከያዘው ሌላው መናገር አይችልም።

የሻረግ፦ ታዲያ ሰላም ሳልለው ዘልዬ ወደ ጉዳይ ልግባ? እዛ ላይ ያለ ሰው አስተዳደግ የለውም?

ሚልክያስ፦ የለውም። ስም፣ ነፋስ፣ ማኮብኮቢያ፣ ፈቃድ። አለቀ። እሱም በእንግሊዝኛ።

የሻረግ፦ እሱን እንግሊዝኛ አትበለው። እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ባለቤት የለው፣ ማሰሪያ አንቀጽ የለው። እንድታርፍ ተፈቅዶልሃል ለማለት፣ ሞገድ ሁለት፣ ክሊርድ ቱ ላንድ! ማን ነው ክሊርድ ያደረገው? እንዲህ ብሎ የጻፈ ልጅ ክፍሌ ውስጥ ቢሆን ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ አጥቤ ነበር የምሰጠው።

ሚልክያስ፦ ዓለም በሙሉ የሚናገረው እንደዚህ ነው።

የሻረግ፦ ዓለም በሙሉ የሚያርመው አጥቷል።

ሚልክያስ፦ እንግዲህ እኔ ዓለምን እርስዎ ደጅ አምጥቼ አላሳርምልዎትም! ካልፈለጉት ይተዉት። ማንም አላስገደደዎትም። አንዳንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ አበባ ይተክላል፣ ማኅበር ይገባል።

የሻረግ፦ አበባ አለኝ። ማኅበርም አለኝ። አንተን አላማከርኩም።

ሚልክያስ፦ ጥሩ። የመጨረሻ ዕድል ልስጥዎት። ከጅማ የመጣ ያርፋል፤ በየት በኩል ነው የሚገባው?

የሻረግ፦ አላውቅም።

ሚልክያስ፦ ወደ መቀሌ የሚነሳስ?

የሻረግ፦ እሱንም አላውቅም።

ሚልክያስ፦ ከባሕር ዳር?

የሻረግ፦ ባሕር ዳር ዘመድ የለኝም።

ሚልክያስ፦ ዘመድ መቼ ጠየቅኩዎ! ኧረ ተዉኝ፣ እኔም ሰው ነኝ! ከድሬዳዋስ? ወይስ ድሬዳዋም ዘመድ የለዎትም?

የሻረግ፦ ከድሬዳዋ የሚመጣ አዋሽን ተሻግሮ፣ አዳማን በግራው ትቶ ነው የሚመጣው። ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ ቀጥ ብሎ በምሥራቅ በኩል ይገባል። ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ከተማውን ይዞርና በምዕራብ በኩል ይገባል። ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከሆነ ከጀቶቹ ይዘገያል፤ ከኋላው ጀት ካለ ጀቱን ገና ከሩቁ ፍጥነት ቀንስ እለዋለሁ፣ እንዳይደርስበት። ዝናብ ካለ ማኮብኮቢያው እርጥብ ነው ብዬ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ሚልክያስ፦ …

የሻረግ፦ አሁን አንተ ትንፋሽ ሳብክ?

ሚልክያስ፦ ይሄን ከየት አመጡት?

የሻረግ፦ አንብቤ። አንብቤዋለሁ ስልህ አልነበር?

ሚልክያስ፦ ታዲያ ሌላውን ለምን አላነበቡም?

የሻረግ፦ ሌላው አያገባኝም።

ሚልክያስ፦ አያገባዎትም? ታወር ላይ የሚቀመጥ ሰው የድሬዳዋውን ብቻ አሳርፎ ሌላውን ሜዳ ላይ ሊበትነው ነው? ቆይ። ክፍለ ጊዜው ቅዳሜ ከሰዓት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያሉኝ… ቅዳሜ ከሰዓት ከድሬዳዋ በባለ ሁለት ሞተር የሚመጣ ሰው አንድ ነው ያለው። አሞራ ስድስት።

የሻረግ፦ አሞራ ብሎ ስም! ያፌት ብዬ ክርስትና ያስነሳሁትን ልጅ!

ሚልክያስ፦ ልጅዎ ነው?

የሻረግ፦ ታዲያ የማን ልጅ ይሁን? አሁን የተቀመጥኩት እሱ ክፍል ነው። ኮምፒውተሩም የሱ ነው፣ ጥሎት የሄደው። ይሄ ጆሮዬን የሚያልበኝ ማዳመጫም የሱ ነው።

ሚልክያስ፦ አሞራ ስድስትን አውቀዋለሁ እኮ! ከዚህ አገር ልጆች እንደሱ የሚያበር የለም። ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም? እሱስ ለምን አላስተማረዎትም?

የሻረግ፦ አንነጋገርም።

ሚልክያስ፦ ለምን?

የሻረግ፦ ጥፍር ቀቢ አገባ።

ሚልክያስ፦ ምን አገባ?

የሻረግ፦ ጥፍር ቀቢ! የሴት ጥፍር እየቀባች የምትተዳደር። እኔ አስተምሬ፣ መሐንዲስ አድርጌ፣ እሱ ሄዶ ከጥፍር ሥር የወጣች! ሽማግሌ ላኪልኝ አለኝ። ለጥፍር ቀቢ ሽማግሌ አልልክም አልኩት። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ሰብስቦ ላከ።

ሚልክያስ፦ ሠርጉ ላይ አልነበሩም?

የሻረግ፦ ማን ጠርቶኝ?

ሚልክያስ፦ ጥሪ አልላከልዎትም?

የሻረግ፦ ልኳል።

ሚልክያስ፦ ታዲያ?

የሻረግ፦ በሰው እጅ ላከው! ለእናት ጥሪ በሰው እጅ ይላካል? ራሱ ይዞ አይመጣም ነበር?

ሚልክያስ፦ እና ከዛ ወዲህ አላናገሩትም?

የሻረግ፦ ስደውልለት አያነሳም። ይጽፍልኛል። «ደህና ነኝ እማ፣ አታስቢ።» ጽሑፍ ምን ይሠራልኛል? ጽሑፍ አይታመምም፣ ጽሑፍ አይከፋውም። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ የጻፈው አላውቅ! ጎረቤት ያለው ልጅ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የበረራችሁን ካርታ አሳየኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሙ ተጽፎበት አንዲት ነጥብ ሆኖ ከድሬዳዋ እየተንቀሳቀሰ ይመጣል። ሌላው ሰው ድራማ ያያል፣ እኔ ነጥብ አያለሁ።

ሚልክያስ፦ እና ታወር ልሁን አሉ።

የሻረግ፦ ታወር ሲጠራው ይመልሳል። ግዴታው ነው አይደል? ስልክ መዝጋት ይችላል፣ ታወርን ግን መዝጋት አይችልም። የምለውን ሁሉ ደግሞ እየደገመ ይመልስልኛል። መጽሐፋችሁ ላይ ጽፋችሁታል።

ሚልክያስ፦ እንዲህማ አይሆንም። ወይዘሮ የሻረግ፣ ይሄ ያሳፍራል። ሙያ ነው እኮ ይሄ። እኛ ስንት ዓመት የለፋንበትን ነገር እርስዎ የቤተሰብ ኩርፊያ ማብረጃ ሊያደርጉት ነው?

የሻረግ፦ ደግሞ ሙያ አለው። ቅድም በነፃ ነው አላልክም?

ሚልክያስ፦ በነፃም ቢሆን የሽምግልና ቤት አይደለም! ከፈለጉ ሽማግሌ ይላኩበት።

የሻረግ፦ እኔ ነኝ እናቱ፣ እኔ ነኝ ሽማግሌ የምልከው? ኧረ እባክህ! እሱ ጫማዬ ላይ ይውደቅ እንጂ።

ሚልክያስ፦ እንግዲያው ይቀመጡ እንደኮሩ። እኔ ግን የቤተሰብ ጠብ አየር ላይ አላሰማም። ሰዉ ሁሉ ያዳምጣል። «አንተ ወስላታ፣ በሆዴ ተሸክሜህ» ብለው ቢጀምሩ ማን ሊያቆምዎት ነው?

የሻረግ፦ ከመጽሐፉ አንድ ቃል አልወጣም።

ሚልክያስ፦ እርስዎ? ሞገድ ሁለትን ጤናህ እንዴት ነው ያሉት እርስዎ?

የሻረግ፦ እሱን አላውቀውማ። ለማላውቀው ሰው ጨዋ ነኝ። ለልጄ አጭር መናገር አያቅተኝም።

ሚልክያስ፦ አይሆንም ብያለሁ። እግዜር ያክብርልኝ፣ ስምዎን ከሠልጣኞች ዝርዝር ላውጣው።

የሻረግ፦ አንተ እናትህን መቼ ነው ያናገርካት?

ሚልክያስ፦ ይሄ አይመለከትዎትም።

የሻረግ፦ ርቃ ነው ያለችው?

ሚልክያስ፦ ኧረ እዚሁ ናት። ጓዳ። ያቺ ሳህን የምታንኳኳው እሷ ናት፤ ይሰማዎት ይሆናል።

የሻረግ፦ ከጀመርን ወዲህ እኮ ስትጠራህ እየሰማሁ ነው። ሚሉ፣ ሚሉ ትላለች። ለምንድነው የማትመልስላት?

ሚልክያስ፦ ሥልጠና ላይ ነኛ! ታውቃለች።

የሻረግ፦ ሆሆ! እሷንም አስመዝግባት እንጂ፤ አንድ ቀን በሬዲዮ ታገኝህ ይሆናል።

ሚልክያስ፦ …

የሻረግ፦ ምነው፣ መስመሩ ተቋረጠ?

ሚልክያስ፦ ሰው እንዴት እንደሚያናድዱ ግን ትምህርት ቤት ነው የተማሩት ወይስ አብሮዎት ነው የተወለደው? እሺ። አንድ ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ። በትክክል ከመለሱ ታወሩን እከፍትልዎታለሁ፤ ካልመለሱ ማዳመጫውን አውልቀው አበባዎን ያጠጣሉ።

የሻረግ፦ ጠይቅ።

ሚልክያስ፦ ታወሩን ሲከፍቱ ስምዎ ካርታው ላይ ይወጣል። የሻረግ ብሎ። ማንም አብራሪ ሳያየው አይጠራም። ልጅዎ አየው እንበል። አየውና ዝም አለ። ጠሩት፣ አልመለሰም። ግን እየቀረበ ነው፣ ሊያርፍ ነው። ምን ያደርጋሉ?

የሻረግ፦ ደግሜ እጠራዋለሁ።

ሚልክያስ፦ አሁንም ዝም።

የሻረግ፦ ሬዲዮው ተበላሽቶበት ነው ብዬ ነው የምይዘው። ኩርፊያ ነው አልልም፤ መጽሐፉ ኩርፊያ የሚል ነገር የለውም። ማኮብኮቢያውን ባዶ አደርግለታለሁ። ሌላው ሁሉ ይጠብቃል፤ ትልቅ ሆነ ትንሽ ሆነ። አረንጓዴ መብራት አበራለታለሁ፣ አይቶ እንዲገባ። ባይመልስልኝም የሚያርፍበት ቦታ አይያዝበትም።

ሚልክያስ፦ ይሄኛው ምዕራፍ እኮ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። እስከዛሬ ያነበበው ሠልጣኝ አላጋጠመኝም።

የሻረግ፦ እኔ ከሱ ነው የጀመርኩት።

ሚልክያስ፦ ባልጠየቅኩዎት ይሻለኝ ነበር። እሺ፣ ይስሙኝ። እከፍታለሁ። እኔም አብሬ እያዳመጥኩ ነው። ነፋስ፣ ማኮብኮቢያ፣ ፈቃድ፤ ሌላ ቃል የለም። «ልጄ» ካሉ በዛው ሰከንድ እዘጋለሁ። በትክክል ካሳረፉት ግን ለብቻዎ የመቀመጥ ፈቃድ እፈርምልዎታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉ የእርስዎ ነው፤ እኔም አልነዘንዝዎትም። ካበላሹ ግን የለም። ዳግመኛ ብለው እንዳይደውሉልኝ።

የሻረግ፦ አታስፈራራኝ። ክፈት።

ሚልክያስ፦ ለኔ ሲናገሩ ቀይዋን ቁልፍ ይንኩ፣ ለሱ ሲናገሩ አረንጓዴዋን። እንዳይሳሳቱ። ይኸው ከፈትኩ። ስምዎ ወጣ።

የሻረግ፦ ምን ይላል?

ሚልክያስ፦ ቦሌ ታወር፣ የሻረግ፣ ሠልጣኝ።

የሻረግ፦ ሠልጣኝ የሚለውን አጥፋው።

ሚልክያስ፦ አይጠፋም።

የሻረግ፦ ልጄ ፊት ሠልጣኝ ትለኛለህ?

ሚልክያስ፦ ነዎት እኮ! ነፋሱን ይዩ ይልቅ።

የሻረግ፦ ከምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከተማውን ዞሮ በምዕራብ ነው የሚገባው። የት ደረሰ?

ሚልክያስ፦ አዳማን አልፏል። ያቻትና ነጥቧ። ሌላ ማንም አካባቢው ላይ የለም፤ ዕድለኛ ነዎት።

የሻረግ፦ ለምን አይጠራኝም?

ሚልክያስ፦ ገና ነው፣ ርቀቱ አልደረሰም።

የሻረግ፦ ስሜን አይቶ ይሆናል።

ሚልክያስ፦ አይቷል አልኩዎ፤ ሁሉም ያያል።

የሻረግ፦ ዘግቶ ሊወጣ ነው። አውቀዋለሁ፣ የአባቱ ልጅ ነው፤ ካኮረፈ አፉን በመሮ አትከፍተውም። ይሄው፣ ነጥቧ ቆመች።

ሚልክያስ፦ አልቆመችም። ዝግ ብላ ነው። መጠምዘዝ ጀምሯል።

የሻረግ፦ ወዴት? ሊመለስ ነው?

ሚልክያስ፦ ከተማውን እየዞረ ነው! እርስዎ ያሉትን መንገድ ነው የያዘው! ዝም ብለው… ጠራ! ጠራዎት! ይመልሱ፣ ትንፋሽ እንዳይስቡ!

የሻረግ (በሬዲዮ)፦ አሞራ ስድስት፣ ቦሌ ታወር፣ ኮንቲኒው አፕሮች።

ሚልክያስ፦ መቅረብህን ቀጥል አሉት። ልክ ነው። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ። እኔ እኮ ይሄ ቀን የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። እሱም ደገመልዎት፤ ሰሙ?

የሻረግ፦ ጉንፋን ይዞታል።

ሚልክያስ፦ ቀይዋን ነው አይደል የነኩት?

የሻረግ፦ ቀይዋን ነው። አልሰማህም? አፍንጫው ተዘግቷል። ያቺ ጥፍር ስታደርቅ ትውላለች እንጂ ሾርባ መቼ ትሠራለታለች!

ሚልክያስ፦ ወይዘሮ የሻረግ፣ ነፋሱን ይንገሩት!

የሻረግ፦ ድምፁ ወፍሯል ደግሞ። ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር?

ሚልክያስ፦ ነፋሱን!

የሻረግ (በሬዲዮ)፦ አሞራ ስድስት፣ ነፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል።

ሚልክያስ፦ በአማርኛ ነገሩት! ወይ እኔ! ምን ላድርግ?

የሻረግ፦ ገብቶታል እኮ። ይኸው፣ በአማርኛ መለሰልኝ።

ሚልክያስ፦ በአማርኛ መለሰ… እሺ። እሺ፣ ይህችን እንዳልሰማሁ ልለፍልዎት። አሁን ፊት ለፊት ይዞታል። ማኮብኮቢያው ባዶ ነው፤ ጭራሽ አንድ ወፍ የለበትም። ፈቃድ ይስጡት። ሦስት ቃል ናት፣ ከዚያ በኋላ አለፉ ማለት ነው።

የሻረግ፦ …

ሚልክያስ፦ ሳቡ እንዴ?

የሻረግ፦ አልሳብኩም።

ሚልክያስ፦ ታዲያ ይስጡታ! ደርሷል እኮ፣ እየጠበቀዎት ነው! ወይዘሮ የሻረግ!

የሻረግ (በሬዲዮ)፦ አሞራ ስድስት፣ ጎ አራውንድ።

ሚልክያስ፦ ምን? ምን አደረጉ? ሳያርፍ ወደ ላይ መለሱት እኮ! ማኮብኮቢያው ባዶ ነው!

የሻረግ፦ አይቻለሁ።

ሚልክያስ፦ ካዩ ለምን ይመልሱታል?

የሻረግ፦ ካረፈማ ዘግቶ ይሄዳል።

ሚልክያስ፦ ኧረ የሰው ያለህ! ይሄማ በግልጽ ያስጥላል! ምን ዓይነት… ይኸው ተነሳ፣ ከተማውን ሊዞር ነው። ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ወይዘሮ የሻረግ፣ ወድቀዋል፤ ገባዎት? ፈቃድ የለም፣ ቅዳሜ የለም፣ አለቀ! እኔ እንደዚህ ያለ ነገር…

የሻረግ፦ እሺ፣ ጣለኝ። አሁን ግን ዝም በል፤ ልጄ እያናገረኝ ነው።